ዳማ የማን ናት?

ስብሰባው የተጠራው እሁድ ረፋድ ላይ፣ ኮሚናሉ በር ላይ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፦ ውሾቹ።

ሐሙስ ማታ ዳማ ልጅ ነክሳለች። ዳማ ከብሎካችን ደረጃ ሥር የምታድር፣ እንደ ስሟ ቀላ ያለች ውሻ ናት። በዚያ ሰሞን አራት ቡችሎች ወልዳ ነበር። የ6 ዓመቱ ጎረቤታችን ኳሱን ተከትሎ ደረጃው ሥር ዘው ሲል ባቱን ያዘችው። ቁስሉ ትልቅ አልነበረም። ፍርሃቱ ግን ትልቅ ነው። እኛ አገር "ውሻ ነከሰው" ሲባል ቀጥሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው ነገር የማይታወቅ ሰው የለም፦ እብድ ውሻ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ክፉ የሚባሉ አይደሉም። "ባለቤት ያለው ውሻ ካለ ባለቤቱ ይናገርና ይሰር። ባለቤት የሌላቸውን ግን ሥጋ ገዝተን እንገላገላለን" አሉ። ሥጋ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ሁላችንም ሥጋው ውስጥ ምን እንደሚገባ እናውቃለን።

ከዚያ ጠየቁ። "ዳማ የማን ናት?"

ማንም አልመለሰም። እኔም ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትራፊ እያወጣሁ ያበላኋት፣ ማታ ከታክሲ ስወርድ እስከ ደረጃው ድረስ የምትሸኘኝ ውሻ ናት። ግን "የኔ ናት" ብል "እንግዲያውስ የልጁን ሕክምና ክፈይ" ቢሉኝስ? ነገ ሌላ ሰው ብትነክስስ? በቃ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ነገሩን ያቆመችው የልጁ እናት ናት። "ሐኪሙ ውሻዋ እንዳትገደል ብሎኛል" አለች። "ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ትታይ ነው ያለው። 10 ቀን ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ ስትነክሰው በሽታው ምራቋ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ልጄ ክትባቱን ጀምሯል። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። አሁን ከገደላችኋት በምን አውቃለሁ?"

10ኛው ቀን የሚቀጥለው እሁድ ላይ ይውላል። ስብሰባው ለዚያ ቀን ተቀጠረ። እስከዚያው ዳማን የሚከታተል ሰው ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። ከጀግንነት አይደለም፣ ከኀፍረት ነው። በዚያ ሳምንት ቀን ቀን ዳማን አያለሁ፣ ማታ ማታ አነባለሁ፣ መሃል ላይ ለአያቴና ለአባቴ እደውላለሁ። የምፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነበር። ከተሞች ውሾቻቸውን "የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰፈር ሲሰፍር

አዲስ አበባ በ1880ዎቹ ስትቆረቆር ከከተማ ይልቅ የሰፈሮች ስብስብ ነበረች። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ላይ ሰፈሩ፤ ወታደሩና አገልጋዩ ዙሪያውን ጎጆ ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። ሰው ሲሰፍር ውሻው አብሮት ሰፈረ።

ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና በሌለበት ከተማ፣ ከእርድ የተረፈውና የሞተው የጋማ ከብት ሁሉ ውጭ ነው የሚጣለው። ቀን አሞራና ውሻ ይበላዋል፣ ማታ ደግሞ ጅብ ይጨርሰዋል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች ስለ ከተማዋ ሌሊት ሲጽፉ የጅብና የውሻ ጩኸት ሳያነሱ አያልፉም። ውሻው ስለዚህ ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ ማጽዳት ነው። ሌላው ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ መጮህ ነው። ደሞዙ ትራፊ ነው።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" የሚለውን ተረት ዛሬ ለሆዱ ያደረን ሰው ለመሸንቆጥ ነው የምንጠቀምበት። እኔ ግን በዚያ ሳምንት እንደ ውል አነበብኩት። እኛ እናበላለን፣ አንተ ትጮኻለህ። ፊርማ የሌለው የሥራ ውል።

ውሉ ደግሞ ፍቅር ያለበት አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ በሙስሊም ቤትም ምራቁ እንደ ነጃሳ ይቆጠራል፣ "ውሻ" ስድብ ነው። የሚገርመው ግን ሁለቱም እምነቶች ትዝ የሚላቸው አንድ አንድ ውሻ አለ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በሚገኘው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ይከተላቸዋል። በቁርአን አል-ከህፍ ምዕራፍ ደግሞ የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ውሻቸው እጆቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ሁለቱም ውሾች ቤት ውስጥ አይደሉም፣ ከሰዎቹም አይለዩም። ደጃፍ ላይ ናቸው። የሰፈር ውሻም ቦታው ያ ነው።

አያቴ ያደገችው ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ስደውልላት ወዲያው አንድ ስም ጠራች፦ መከታ። "ጥቁር፣ ጆሮው የተበላ። ጅብ ነው የበላው።" የማን ነበር ስላት ጥያቄዬ አልገባትም። "የማን ነበር ማለት ምን ማለት ነው? የሰፈሩ ነዋ!" አንዱ ቤት የሻገተ እንጀራ፣ አንዱ ቤት በበዓል አጥንት፣ ጠጅ ቤቷ ደግሞ አምቡላ ጭምር ትሰጠው ነበር አለችኝና ሳቀች።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ ከተማው ጭር ሲል መንገድ ላይ የሚቀሩት ወታደርና ውሻ ብቻ ነበሩ። አሰሳ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው የመከታ ድምፅ ነው። "ጅብ ሲመጣ የሚጮኸውና ሰው ሲመጣ የሚጮኸው ይለያያል" አለች አያቴ። "የሰው ጩኸቱን ስንሰማ ወንድሜ ወረቀቶቹን ምድጃ ውስጥ ይከታል።" አንድ ቀን ጠዋት መከታ ቱቦው አጠገብ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። ሥጋውን ማን እንደጣለው እስከ ዛሬ አታውቅም። በዚያች ሌሊት በአካባቢው ሌሎች ብዙ ውሾች ሞተዋል። "ባለቤት የሌለው ውሻ ይወገዳል ተብሎ ነበር አሉ። ማን ባለቤት የለውም አላቸው?"

14 መርፌ

እዚህ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሰሙኝ "ልጄ፣ በሽታውስ?" ይሉኝ ነበር። ልክ ናቸው። ፍርሃቱ የመጣው ከባዶ ሜዳ አይደለም።

የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያ ስለ እብድ ውሻ በሽታና ስለ ባህላዊ ሕክምናው የጻፈው ጥናት አለ። በ1884 በሽታው በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ተዛምቶ ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1903 መታየቱ ተመዝግቧል። የዚያ ዘመን ሰው መድኃኒቱን የሚፈልገው ከባህል ሐኪምና ከጸበል ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

አዲስ አበቤ በኋላ ላይ ለዚህ በሽታ አንድ ቃል ተማረ፦ ፓስተር። ሉዊ ፓስተር በ1885 ፓሪስ ላይ ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከተበው፤ ልጁም ተረፈ። በስሙ የተጠራው ተቋም በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ተቀይሯል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ፓስተር ነው። ውሻ የነከሰው ሰው "ፓስተር ሄደ" ይባላል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከታክሲ ረዳት አፍ የማይጠፋበት ሌላ ከተማ ይኖር ይሆን?

አባቴ ልጅ እያለ ፓስተር ሄዷል። ይህን የነገረኝ ገና በዚያ ሳምንት ነው። በየቀኑ እምብርቱ ዙሪያ አንድ አንድ መርፌ፣ 14 ቀን። "መርፌውን ሳይሆን ወረፋውን ነው የማስታውሰው" አለ። "ሁሉም ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚቆመው።" ያ ክትባት ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከበግ አንጎል ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር የመከረው በ1984 ቢሆንም እኛ ጋ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን ቁጥሩም ጥቂት ነው። የጎረቤታችን ልጅ የጀመረው እሱን ነው።

በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰዎች ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው፣ ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር መጠንም የያዛቸው ከውሻ ነው። ግን ደግሞ ከመታየቱ በፊት ሊቆም የሚችል በሽታ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ። የልጁ እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኔ በስብሰባው አንገቴን ስደፋ እሷ ሥራዋን ጨርሳ ነበር።

የጮኸው ደሴት

"ሥጋ ገዝተን እንገላገላለን" የሚለው ሐሳብ የሰብሳቢያችን ፈጠራ አይደለም። ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደችበት ከተማ ኢስታንቡል ናት።

በኦቶማን ዘመን የኢስታንቡል ውሾች ኑሮ የመከታን ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ውሾች አሉት። ውሾቹም የሰፈራቸውን ድንበር ያውቃሉ፤ የሌላ ሰፈር ውሻ ዝር አይልም። ሰው ቤት አያስገባቸውም፣ ግን ያበላቸዋል፣ ውሃ ያስቀምጥላቸዋል። ከዚያ ዘመናዊነት መጣ። ወጣት ቱርኮች የሚባሉት በ1908 ኃይል ሲያገኙ፣ እንደ ፓሪስ ያለ ንጹሕ ከተማ የመመኘቱ ነገር በረታ። በመንገድ ላይ የሚተኛ ውሻ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆነ።

በ1910 ውሾቹ እየተለቀሙ በጀልባ ተጭነው በማርማራ ባሕር ላይ ወዳለችው ሲቭሪያዳ ተወሰዱ። ዛፍና ውሃ የሌላት ድንጋያማ ደሴት ናት። ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች ነበር። አልገደሏቸውም፤ እዚያ ተዉአቸው። ውሾቹ በረሃብና በጥም አለቁ፣ እርስ በርስ ተበላሉ። ነፋስ ሲነፍስ ጩኸታቸው ከተማው ድረስ ይሰማ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በኋላ ጦርነት ሲመጣ "የውሾቹ እርግማን ነው" ያሉ የከተማዋ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ይህን ታሪክ የሚተርከው የሰርዥ አቬዲኪያን አጭር አኒሜሽን በ2010 ካን ላይ ለአጭር ፊልም የሚሰጠውን ፓልም ዶር አሸንፏል። ልባችሁ ከቻለ እዩት።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ሆኖ ኢስታንቡል ውሻ አላጣችም። ዛሬም የመንገድ ውሻ ሞልቷታል። ቱርክ በ2004 ባወጣችው ሕግ ውሻው ተይዞ፣ ተኮላሽቶ፣ ተከትቦ ወደ ሰፈሩ እንዲመለስ ወሰነች። በ2024 ደግሞ ሕጉን ቀይራ፣ ውሾቹ ከመንገድ ተነስተው ወደ መጠለያ እንዲገቡ፣ አንዳንዶቹም እንዲገደሉ ፈቀደች። ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ሲቃወም የተነሳው ስም ያው የደሴቲቱ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ጥያቄው አላለቀም።

መግደል ለምን አይሠራም?

ይህን ክፍል ስሜት ለማይወዱ ሰዎች ነው የምጽፈው። ሰብሳቢያችን ከነሱ አንዱ ናቸው።

በ1997 የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት ላይ ከሌላ ደሴት በጀልባ በመጡ ውሾች በሽታው ገባ። መንግሥት የደሴቲቱን ውሾች ግማሽ ያህሉን አስገደለ። በሽታው አልጠፋም። ሰዎች የሚወዱትን ውሻ ከመገደል ለማዳን ወደ ሌላ መንደር እያሸሹ በሽታውን ይዘውት ዞሩ። ባሊ ላይ በ2008 ተመሳሳይ ነገር ተጀመረ፤ መጀመሪያ ግድያ ነበር፣ በሽታው ግን መስፋፋቱን ቀጠለ። በ2010 ውሾቹን በጅምላ መከተብ ሲጀመር ነው በበሽታው የሚሞተው ሰው መቀነስ የጀመረው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰፈርህ ውስጥ ያለውን ውሻ ስትገድል ቦታውና ቆሻሻው እዚያው ይቀራሉ። ምግብ ያለበት ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ከሌላ ሰፈር የማታውቀው፣ የማያውቅህ፣ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል። ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን ከከተብክ ግን በሽታው የሚሸጋገርበት ውሻ እያጣ ይሄዳል። የተከተበው ውሻ በሰፈሩ እየኖረ አጥር ይሆንልሃል። ሜክሲኮ ውሾቿን ለአሥርት ዓመታት እየከተበች ቆይታ፣ በ2019 በውሻ በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት።

ከራሳችን አገርም ምሳሌ አለ። በዓለም ላይ ከ500 በታች አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ፣ ባሌ ተራሮች ላይ በተደጋጋሚ በዚህ በሽታ አልቋል። የሚይዘው ከእረኞች ውሾች ነው። በ2003 በሽታው ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ። ያኔ የተደረገው ውሻ መፍጀት አይደለም። በሽታው ሊያልፍባቸው በሚችሉ መተላለፊያዎች ላይ ያሉት ቀበሮዎች ተያዙ፣ ተከተቡ፤ ወረርሽኙም ወደ ሌላው ሳይሻገር ቆመ። የአካባቢውን ውሾች መከተቡም ቀጥሏል። ባሌ ተራራ ላይ ቀበሮ ይዞ መክተብ ከተቻለ፣ ደረጃ ሥር የተኛችውን ዳማን መክተብ ምን ያቅታል?

"ባለቤት አልባ" ከየት ይመጣል?

ስድስተኛው ቀን ላይ ዳማ መብላት ቀነሰች። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ደረጃው ላይ በስልኬ መብራት እያየኋት ቁጭ አልኩ። ምራቋ ይዝረከረካል? ድምፅዋ ተቀይሯል? ስትነሳ ትንገዳገዳለች? በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ "ኧረ ማታ ልደት ነበረን፣ የዶሮ አጥንት ሰጥተናት ጠግባ ነው" አለችኝ። እግሬ ከዳኝና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እዚያው ተቀምጬ ነው የገባኝ። የዶሮ አጥንት የሰጠቻት ጎረቤቴም በስብሰባው ላይ ዝም ካሉት አንዷ ናት። ዳማን ሁላችንም እናበላታለን። ሁላችንም ዝም አልን።

የኛ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግማሹ ከፈረሱ ሰፈሮች የመጣ ነው። ሰፈር ሲፈርስ አይቻለሁ። ሰዉ ፍራሹንና ቁምሳጥኑን ጭኖ ይሄዳል፤ ውሻው አይሱዙውን ትንሽ ይከተልና ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ይተኛል። ያ ውሻ ትናንት የሰፈሩ ነበር። ዛሬ "ባለቤት አልባ" ነው። ውሻው ያው ነው፣ የተበተነው ሰፈሩ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ደግሞ አንዳችን የሌላውን ስም እንኳ በደንብ አናውቅም፤ "የኛ" የሚል ቃል ገና አልሠራንም። "የማን ናት?" ሲባል የሚመልስ የጠፋው ለዚህ ይመስለኛል። መልሱ አንድ ሰው አይደለማ።

እንደ እኔ ያለውም ውሻ ወዳድ ቢሆን ከተጠያቂነት አያመልጥም። ማብላት ብቻ የውሉ ግማሽ ነው። ሦስት ዓመት አጥንት ሰጥቼ በዓመት አንድ መርፌ አላስወጋኋትም። የልጁ እናት ሌሊቱን የቆጠረችው በዳማ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ በእኔም ምክንያት ነው።

እሁድ

10ኛው ቀን ዳማ ቡችሎቿን እያጠባች ነጋ። ስብሰባው ተጀመረ፣ ሰብሳቢው ጥያቄያቸውን ደገሙ።

"የኔ ናት" አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እኛም ስንሰጣት ኖረናል" አለች ጎረቤቴ። ከኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ "ሌሊት አብራኝ ነው የምታድረው" አለ። ከዚያ የልጁ እናት ተነሳች። ይቅር ትለናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "የማንም ብትሆን" አለች፣ "መቼ ነው የምትከተበው?"

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ግቢ ተጠይቆ አያውቅም። ለሥጋው ሊዋጣ የነበረው ገንዘብ ለክትባት ተዋጣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ከቡችሎቹ ሌላ ግቢው ውስጥ ከቆጠርናቸው 11 ውሾች 8ቱን አስከተብን። ሦስቱ እስካሁን አልተያዙም፤ አንዱ ሥጋ ይበላና መርፌ ሲያይ ይጠፋል። ሁለት ቡችሎች ሰው ወሰዳቸው። ልጁ አሁንም በዚያ ደረጃ አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። አንፈርድበትም።

የእንስሳት ሐኪሙ የዳማን ካርድ ሲሞላ "የባለቤት ስም" የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሳና አየን። ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ብሎክ 14 በሉት" አሉ።